አእምሮን ለመመርመር የተሠሩ የጥበብ ቤቶች

(በራዲዮ ከተነገረው)



በአገራችን በዳኛ ፊት የሚቆም ምስክር ቃሉን ሊያጸና ሲፈልግ «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ይላል። ይህን ካለ በኋላ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም «ማየት ማመን ነው» የሚለው አነጋገር በሁላችንም ልብ ተጽፎ ይኖራል። ነገር ግን ያ ምስክር ሐሰተኛ ሳይሆን፤ ጉቦም ሳይቀበል፤ ያየ የመሰለውን በቅን ልቡና እየተናገረ፤ ነገሩ ግን እርሱ እንዳለው ሳይሆን ሊቀር ይችላልን? ይህ ጥያቄ የሥራ ፈቶች ክርክር አይደለም። በምስክር ቃል ሰው ይታሰራል፤ ቤትና ንብረት ይወሰዳል፤ በየመሥሪያ ቤቱም ባለጉዳይ ፊቱ ታይቶ ብቻ ጉዳዩ ይፈጸምለታል ወይም ይቀርበታል። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን የሰው አእምሮ በሕዋሳት አማካይነት የሚደርሰውን ወሬ እንዴት እንደሚተረጕመው፤ ይህንንም ለሕዝብ ለመግለጥ ሠዓሊዎችና የሳይንስ ሊቃውንት ተባብረው ስላቋቋሟቸው ቤቶችና መሣሪያዎች ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ማንም ሰው በጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ትንሽ ፈተና እንመልከት። በነጭ ወረቀት ላይ በስተ ግራ በኩል የመስቀል ምልክት ይደረግ፤ ከእርሱ 8 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ በስተ ቀኝ በኩል ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ይጻፍ። ከዚህ በኋላ ግራ ዓይንን በእጅ ከድኖ፤ በቀኝ ዓይን ብቻ መስቀሉን አተኵሮ እየተመለከቱ፤ ወረቀቱን ከግማሽ ሜትር ርቀት ጀምሮ በቀስታ ወደ ፊት ማቅረብ ነው። ወረቀቱ ከዓይን 30 ሳንቲሜትር ያህል በሚርቅበት ቦታ ሲደርስ ነጥቡ ድንገት ይጠፋል፤ ይበልጥ ሲቀርብ ደግሞ ተመልሶ ይታያል።

ይህን ነገር በ1660ዎቹ ዓመታት ፈልጎ ያገኘው ኤድም ማርዮት የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በዓይናችን ኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ከዚያ ሽፋን የሚነሡት የነርቭ ክሮች ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ወደ አንጎል ስለሚወጡ፤ በዚያች መውጫ ላይ ብርሃን የሚቀበል አንዳች ነገር የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይን አንድ የታወረ ቦታ አለው ማለት ነው። የሚያስደንቀው ግን የነጥቡ መጥፋት አይደለም። ነጥቡ በጠፋበት ቦታ ጥቁር ቀዳዳ አለመታየቱ ነው። አእምሮ ቀዳዳውን በዙሪያው ባለው የወረቀት ነጭነት ሞልቶ፤ ምንም እንዳልጐደለ አድርጎ ያቀርብልናል። ከተወለድን ጀምሮ ይህ ቀዳዳ በየዓይናችን ሲኖር ብዙዎቻችን ሳናውቀው የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ይበልጥ ለማስረዳት ከመሥሪያ ቤት ሥራ ምሳሌ ብንወስድ አይከፋም። አንድ ሹም ከቢሮው ወጥቶ አያውቅም እንበል። መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጦ ከየአውራጃው የሚላኩለትን አጫጭር ቴሌግራሞች ይቀበላል። ቴሌግራሙ ብዙ ጊዜ ጐደሎ ነው፤ አንዳንዱም በሁለት መንገድ ሊተረጐም ይችላል። ሹሙ ግን ውሳኔ መስጠት ስላለበት የቆየውን መዝገብ አስወጥቶ፤ «ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ ነገሩ ምን ሆኖ ተገኘ?» ብሎ ይገምታል። አንጎላችንም በራስ ቅል ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር እንዲህ ያለ ሹም ነው። ብርሃን ራሱ አይደርሰውም፤ ድምፅም ራሱ አይገባለትም፤ የሚደርሰው በነርቭ የሚላክ ምልክት ብቻ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ (1821–1894) ማየት ማለት ሳይታወቀን የምንፈጽመው ግምት ነው ሲል ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ግምቱ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ እኛ የምናውቀው ውሳኔውን ብቻ ነው። ውሳኔውንም «አየሁ» እንለዋለን።

ይህ ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ ቢቀር ኖሮ ከሊቃውንት አልፎ ለሌላው ሰው ባልደረሰ ነበር። ወደ ሕዝብ እንዲወጣ ካደረጉት ሰዎች አንዱ አዴልበርት ኤምስ (1880–1955) የተባሉ አሜሪካዊ ናቸው። እኚህ ሰው በመጀመሪያ ሕግ ተምረው ነበር፤ ኋላ ግን ሕጉን ትተው ሠዓሊ ሆኑ። ሥዕላቸውን ለማሻሻል ሲሉ «ዓይን በእውነት የሚያየው ምንድን ነው?» ብለው መመርመር ጀመሩ፤ ምርመራውም ወደ ዳርትመዝ ኮሌጅ ወስዶ የሳይንስ ሰው አደረጋቸው። በ1940ዎቹ ዓመታት ያሠሩት ጠማማ ክፍል ዛሬ በብዙ አገር በስማቸው ይጠራል።

የክፍሉ አሠራር ይህ ነው። ተመልካች በአንዲት ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ዓይን ሲመለከት አራት ማዕዘን የሆነ ተራ ክፍል ያያል። በእውነቱ ግን የኋላው ግድግዳ አግድም የተሠራ ሆኖ አንደኛው ማዕዘን ከሌላው እጅግ የራቀ ነው፤ ወለሉም ጣሪያውም ዘንበል ያለ ነው፤ መስኮቶቹም ከቀዳዳው ሲታዩ ትክክል እንዲመስሉ ሆን ተብሎ ተጣመዋል። እንግዲህ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች በሁለቱ ማዕዘኖች ቢቆሙ አንደኛው ግዙፍ ሌላው ድንክ ሆነው ይታያሉ። ቦታ ሲለዋወጡም አንዱ እየተራመደ ሲያድግ ሌላው እየተራመደ ሲያንስ ይታያል። አእምሮ በዚህ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ወይ ሰዎቹ ቁመታቸውን ይለውጣሉ። ለዘመናት ያየው ክፍል ሁሉ ቀጥ ያለ ስለ ነበረ የክፍሉን ቅንነት አይጠራጠርም፤ ይልቁንም ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያድጋል ብሎ ያምናል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ምስጢሩን ያወቀ ሰው እንኳ ተመልሶ በቀዳዳው ሲያይ እንደ ፊተኛው መታለሉ ነው። ማወቅ ብቻውን ማየትን አያቀናም።

ይህን የመሰለውን ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስበው ሕዝብ በእጁ እንዲዳስሰው ያደረጉት ዶክተር ፍራንክ ኦፐንሃይመር (1912–1985) ናቸው። እርሳቸውም የአቶም ቦምብ ምርምር የመሩት የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም ሲሆኑ፤ ራሳቸውም የፊዚክስ ሊቅ ሆነው በዚያው ሥራ ተካፋይ ነበሩ። በ1949 ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል የነበሩ መሆናቸውን በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከገለጡ በኋላ፤ ያስተምሩበት የነበረውን የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለመልቀቅ ተገደዱ። ከዚያም በኮሎራዶ ተራሮች ከብት እያረቡ ብዙ ዓመት ኖሩ። በ1957 በአንዲት ትንሽ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ሲቀጠሩ፤ ተማሪዎቻቸውን ወደ ተጣለ ብረታ ብረት መከማቻ እየወሰዱ፤ ከአሮጌ መኪና በተፈታ ዕቃ ፊዚክስ ያስተምሯቸው ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከተመለሱም በኋላ ይህን ዘዴ አልተዉትም። በ1965 ወደ አውሮፓ ሄደው ታላላቆቹን የሳይንስ ቤተ መዘክሮች ጐብኝተው ሲመለሱ፤ በአገራቸው አዲስ ዓይነት ቤት ለማቋቋም ቈረጡ።

ያ ቤት በ1969 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፤ በ1915 ለተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተሠራው አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ተከፈተ። ስሙም ኤክስፕሎራቶሪየም ተባለ፤ «የመመርመሪያ ቦታ» እንደ ማለት ነው። በ2013 ወደ ከተማው የባሕር ወደብ ተዛውሮ እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። በሌላው ቤተ መዘክር «መንካት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲሰቀል፤ በዚህ ቤት ግን ያልነካ ሰው ምንም አላየም። ጐብኚው ራሱ መዘውሩን ያዞራል፤ መብራቱን ይቀንሳል፤ ድምፁን ያወጣል፤ የሚሆነውንም በራሱ አካልና በራሱ አእምሮ ላይ ይመለከታል። ዶክተር ኦፐንሃይመር በትምህርት ቤት ፈተና የሚወድቅ ሰው ቢኖርም በቤተ መዘክር የሚወድቅ ሰው የለም ይሉ ነበር።

ሌላው የዚህ ቤት ልዩ ጠባይ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ከሊቃውንቱ ጋራ አብረው እንዲሠሩ መደረጉ ነው። ከ1974 ጀምሮ ለአርቲስቶች የተወሰነ የሥራ ጊዜ እየተሰጣቸው በቤቱ እየተቀመጡ መሣሪያዎችን ይፈጥራሉ። የዚህም ምክንያት ግልጥ ነው። የሳይንስ ሰው ብርሃንን ይለካል፤ ሠዓሊ ደግሞ ያ ብርሃን በሰው ልብ ላይ የሚያደርገውን ያውቃል። አእምሮን ለመመርመር የሚሻ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ከቤቱ መሣሪያዎች መካከል ሦስቱን ብቻ እንጥቀስ። የመጀመሪያው ኦገስት ኮፖላ በተባሉ መምህር አሳብ በ1971 የተሠራው የመዳሰሻ ጕልላት ነው። ውስጡ ፍጹም ጨለማ ነው። ጐብኚው ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ በመዳህ፣ በመውጣትና በመንሸራተት፤ በእጁና በእግሩ ብቻ መንገዱን እየፈለገ ያልፋል። ዓይን ሁልጊዜ ሲመራ ኋላ የቀረው የመዳሰስ ሕዋስ በዚያ ጨለማ ውስጥ አለቃ ይሆናል፤ ሰውም እጁ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይረዳል።

ሁለተኛው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት መስተዋት ነው። መስተዋቱ ግማሹን ብርሃን ያሳልፋል፤ ግማሹን ይመልሳል። ሁለቱም በየፊታቸው ያለውን መብራት ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ የአንዱ ዓይን በሌላው ፊት ላይ ያርፋል፤ የእኔ ግንባርና የእርሱ አገጭ አንድ ሰው ይሆናሉ። ብዙ ሰዎች በዚህ መስተዋት ፊት መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ ቀጥሎም ዝም ይላሉ።

ሦስተኛው ለጨዋ ሰው መንገሩ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ትምህርቱ ታላቅ ስለ ሆነ እንናገረዋለን። ማንም ያልተጠቀመበት አዲስ የመጸዳጃ ቤት ሸክላ የመጠጥ ውሃ ማፍለቂያ ሆኖ ተሠርቷል። ሸክላው ንጹሕ ነው፤ ውሃውም ንጹሕ ነው፤ ይህም ለጐብኚው ተነግሮታል። ሆኖም ጐንበስ ብሎ ለመጠጣት ሲሞክር ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። ምክንያትና ስሜት በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ባለጉዳዮች ሆነው ሲከራከሩ ሰውየው ራሱ ይሰማቸዋል። ከዚህ ኋላ ስለ ጥላቻና ስለ መጸየፍ ለዚያ ሰው ብዙ ንግግር ማድረግ አያስፈልግም።

አእምሮ የሚተረጕመው በለመደው ነገር ነው ስንል ከአገራችንም ምስክር አለ። በ1972 የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ በሚኖሩት በሜኤን ሰዎች ዘንድ የተደረገ ነበር። በዚያን ጊዜ በነዚያ ሰፈሮች የታተመ ሥዕል አይታወቅም ነበርና፤ ወረቀት የተሰጣቸው ሰዎች ወረቀቱን ዳሰሱት፤ አሸተቱት፤ ሲኰማተር የሚያሰማውን ድምፅ አዳመጡት፤ በላዩ ያለውን ሥዕል ግን ልብ አላሉትም። የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ ተደርጎ ሲቀርብላቸው ግን ከጥቂት ድካም በኋላ፤ አንዳንዶቹም ጭራውን፣ እግሩን፣ ቀንዱን አንድ በአንድ እየለዩ፤ አብዛኞቹ ምን እንደ ሆነ ተናገሩ። ይህ የማስተዋል ጕድለት አይደለም። ይልቁንስ እኛ በየቀኑ በጋዜጣ ላይ የምናየውን ፎቶግራፍ «ሰው ነው» የምንለው ተምረን መሆኑን ያሳያል። ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁርና ነጭ ነጥብ ሰው አይደለም፤ ሰው የሚያደርገው የሠለጠነ ዓይን ነው።

እንግዲህ አእምሮ ከውጭ የሚመጣውን ወሬ ይተረጕማል ካልን፤ ወሬው እጅግ ጥቂት በሆነ ጊዜ ምን ያደርጋል? ለዚህ መልስ የሰጠው የብልጭታ ብርሃን ነው። የቦሄሚያው ሊቅ ያን ፑርኪንዬ (1787–1869) ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፀሐይ ዞሮ፤ ጣቶቹን በፊቱ ፈጠን አድርጎ ሲያወዛውዝ ልዩ ልዩ ቅርጽ ማየቱን ጽፏል። በ1958 መጨረሻ ደግሞ ብራየን ጋይሰን የተባሉ ሠዓሊ በፈረንሳይ ደቡብ በአውቶቡስ ሲጓዙ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ የማታ ፀሐይ በመንገድ ዳር ዛፎች መካከል ብልጭ ድርግም እያለ ቢመታቸው፤ እጅግ ብሩህ የሆኑ ቀለሞች በአእምሯቸው ተዘረጉ። በኋላም እንግሊዛዊው የአንጎል ተመራማሪ ግሬይ ዋልተር በ1953 ያሳተሙትን መጽሐፍ አንብበው ምክንያቱን ተረዱ። ከዚያ ኢያን ሶመርቪል ከተባሉት የሒሳብ ተማሪ ጋራ ሆነው ቀላል መሣሪያ ሠሩ። ይኸውም በጐኑ የተበሳሳ ቱቦ በሙዚቃ ሸክላ ማጫወቻ ላይ ቆሞ ሲዞር፤ በመካከሉ ያለው አምፖል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ ያህል ብልጭ የሚልበት ነው። ጋይሰን በ1961 በፈረንሳይ አገር የፈጠራ መብት ተቀበሉበት፤ ስሙንም «የሕልም መኪና» አሉት።

ይህ አሳብ ከስድሳ ዓመት በኋላ ታድሶ በ2022 በለንደን፣ በካርዲፍ፣ በቤልፋስትና በኤድንበራ ለሕዝብ ቀረበ። የአንጎል ተመራማሪው ፕሮፌሰር አኒል ሴት፤ የፍልስፍና መምህርቷ ፕሮፌሰር ፊዮና ማክፈርሰን፤ የሙዚቃ ደራሲው ጆን ሆፕኪንስና የሕንጻ ጥበብ ባለሙያዎች በአንድነት የሠሩት ነው። ጐብኚዎች በክብ አዳራሽ ጋደም ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው፤ ሙዚቃ እየሰሙ፤ ነጭ ብርሃን ብቻ ብልጭ ይልባቸው ነበር። ከዚያ ነጭ ብርሃን ግን ቀይና ሰማያዊ፣ ክብና መረብ የሚመስል ቅርጽ፣ ለአንዳንዱም የሚንቀሳቀስ ሥፍራ ታየው። ሲወጡ ያዩትን በሥዕል እንዲያኖሩ ቀለምና ወረቀት ተሰጣቸው፤ አጠገብ ለአጠገብ የተኙ ሰዎች የሣሉትም አንድ አልሆነም። ብርሃኑ አንድ ነበር፤ ተርጓሚው ግን ብዙ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ግዴታችን ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ባለባቸው በአንዳንድ ሰዎች ላይ በሽታውን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፤ ማንም በቤቱ ያለ ጥንቃቄ ሊሞክረው አይገባም።

«ይህ ሁሉ ለጨዋታ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?» የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። መልሱን ከሐኪም ቤት እናገኘዋለን። በ1998 ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ተመርማሪው እጁን ከመጋረጃ ኋላ ደብቆ፤ በፊቱ የተቀመጠውን የጎማ እጅ እንዲመለከት አደረጉ። ሁለቱንም እጆች በአንድ ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ ሲዳብሷቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ተመርማሪው ጎማው የገዛ እጁ እንደ ሆነ ይሰማው ጀመር። «ይህ አካሌ ነው» የምንለው ነገር እንኳ የአእምሮ ትርጕም ነው ማለት ነው።

አሁን በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ እጁ የተቈረጠበትን ሰው እናስብ። ብዙዎች እንዲህ ያሉ ሰዎች የሌለው እጃቸው ያማቸዋል፤ አንዳንዶቹም የሌለው መዳፍ ተጨብጦ ጥፍሩ ሥጋቸውን እንደሚወጋ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኻቸዋል። የሌለ እጅ በምን መድኃኒት ይታከማል? በ1990ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ቪላያኑር ራማቻንድራን ዋጋው ከጥቂት ብር የማይበልጥ መስተዋት በሣጥን ውስጥ አቆሙ። በሽተኛው ደኅና እጁን በመስተዋቱ ፊት ያደርጋል፤ ጥላው በጠፋው እጅ ቦታ ይታያል። ደኅናውን እጅ ጨብጦ ሲፈታ የጠፋው እጅ የተፈታ ሆኖ ይታየዋል፤ ከታከሙትም መካከል አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ ተጨብጦ የኖረው ሕመም ተፈታላቸው። ሁሉም አልዳኑም፤ ነገር ግን አእምሮ በስሕተት ያኖረውን ነገር በሌላ ትርጕም ማቃናት እንደሚቻል ታየ። በመዝናኛ ቤት ሰውን የሚያስደንቀው መስተዋት በሐኪም ቤት ዕንባ አበሰ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያውስ ዓይናችን ሐሰተኛ ነው፤ ምንም አይታመንም» ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። የአሜሪካኑ ሊቅ ጆርጅ ስትራተን በ1890ዎቹ ዓመታት ዓለምን ገልብጦ የሚያሳይ መነጽር አድርጎ ስምንት ቀን ያህል ተቀመጠ። በመጀመሪያ ዕቃ ለማንሣት እጁ ይስት ነበር፤ ቀን በቀን ግን እየሠራ፣ እየዳሰሰ፣ እየተራመደ ለመደው። በኤምስ ክፍል ፊት የተቀመጠ ሰውም ረጅም ዘንግ ተሰጥቶት ግድግዳዎቹን ደጋግሞ ሲነካ ጠማማነቱን ቀስ በቀስ ይረዳል። ስለዚህ አእምሮ ግምቱን የሚያርመው ከሩቅ በማየት ሳይሆን ቀርቦ በመንካት፤ አንድ ቦታ በመቀመጥ ሳይሆን ቦታ በመለወጥ ነው። የጠማማው ክፍል ማታለያ ኃይሉ ሁሉ ተመልካቹን በአንዲት ቀዳዳና በአንድ ዓይን ብቻ እንዲያይ ማስገደዱ ነው። ተመልካቹ ሁለት እርምጃ ወደ ጐን ቢሄድ ነገሩ ሁሉ በተገለጠለት ነበር።

ለእኛ በመንግሥት ሥራ ለተሰማራን ሰዎች ይህ ነገር በቀጥታ ይመለከተናል። መዝገብ እንደዚያች ቀዳዳ ነው፤ ጉዳዩን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳያል። ቀዳሚ ውሳኔ የተሰጠበት ጉዳይም እንደ ቀጥተኛ ግድግዳ ይታየንና፤ ከእርሱ ጋራ የማይስማማውን ሰው አጭር ወይም ረጅም አድርገን እንፈርድበታለን። ልብሱ ያደፈ ባለጉዳይ ሲገባ ልባችን የሚሸሸው፤ ከንጹሕ ሸክላ የሚፈልቀውን ንጹሕ ውሃ አልጠጣም እንደሚለው ሰው አይደለምን? በዓይናችን ያለውን የታወረ ቦታ በመጠየቅ ልናውቀው አልቻልንም፤ ምክንያቱም የጐደለውን የሚሞላው ራሱ አእምሮ ነው። ያወቅነው በፈተና ነው።

ስለዚህ «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» የሚል ምስክር ሲቀርብ ሐሰተኛ ነህ ማለት አይገባም፤ ከየት ሆነህ አየህ፤ ብርሃኑ እንዴት ነበር፤ ከማየትህ በፊት ምን ሰምተህ ነበር፤ ብሎ በትሕትና መጠየቅ ግን ይገባል። ይህንኑ ጥያቄ እያንዳንዳችን ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ለራሳችን ብናቀርበው፤ የሚጠቀመው በደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ነው።